ክዳኑ ምን አለ?

«በሁለት እጅሽ ያዢው።»

ላንዱ ድስቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። እናቷ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ጫፎቹን ከላይ አጥብቃ ቋጥራቸዋለች። ከጨርቁ ሥር የዘንባባ ዘይትና የዓሣ ሽታ ይወጣል። ትኩስ ነው። ድስቱ ላይ የተገጠመው ክዳን ግን አይታይም።

«የትኛው ክዳን ነው እማ?»

«ያንቺ ሥራ መሸከም ነው።»

ላንዱ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ግድግዳውን አየች። እናቷ ስታገባ ከእናቷ ቤት ይዛ የመጣቻቸው ሰባት የእንጨት ክዳኖች በየምስማራቸው ተሰቅለዋል። ዶሮ የተቀረጸባት አለች፤ ሦስት ጉልቻ ያለባት አለች፤ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ የተቀመጠ ሰውዬ ያለባትም አለች። ሰባቱም በቦታቸው ናቸው።

እነዚያ ክዳኖች ያለ ምክንያት ከግድግዳ አይወርዱም። ሚስት ቤት ውስጥ ነግራው ባሏ ያልሰማትን ነገር፣ ከወንዶች ጋር ተቀምጦ በሚበላበት ቦታ ምግቡ ላይ ከድና ትልክለታለች። እያንዳንዱ ቅርጽ አንድ አባባል ነው። ወንዶቹ ያነቡታል፣ ይከራከሩበታል፤ ባልየውም በሰው ፊት መልስ ይሰጣል። ላንዱ በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜዋ እናቷ ክዳን ስትልክ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያኔ አባቷ እየሳቀ ነበር ወደ ቤት የመጣው። እናቷም በር ላይ ቆማ እየሳቀች ነበር የጠበቀችው።

ዛሬ እናቷ አትስቅም።

«ቢጠይቁሽ አትመልሺ» አለች። «ክዳን ያመጣ ሰው አይናገርም። አንቺ ካብራራሽው የኔ ቃል መሆኑ ይቀራል፤ የልጅ ወሬ ነው የሚሆነው። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ምን አልኩሽ?»

«አልናገርም።»

«በይ ሂጂ። ውሃው ሳይሞላ ድረሺ።»

ውሃው ሲሞላ አባቷና ጓደኞቹ ከወንዙ አፍ ወደ ባሕሩ ይወጣሉ። ዛሬ የሚሄዱት ወደ እሳቱ ነው። ወንድሟን ፉቲንም ይዘው ነው የሚሄዱት።

ከመንደሩ ፊት ለፊት፣ ሰማይና ባሕር በሚገጥሙበት፣ ነዳጅ የሚወጣባቸው ብረቶች ቆመዋል። አናታቸው ላይ ቀንም ሌትም እሳት ይነድዳል። ዓሣ ብርሃን ስለሚወድ፣ ከጠረፉ የጠፋው ዓሣ ሁሉ እዚያ ሥር ተሰብስቧል ይባላል። መጠጋት ክልክል ነው። የሚጠጋ ጀልባ ሲመሽ፣ መብራቱን አጥፍቶ ይጠጋል። ከስምንት ወር በፊት የእናቷ ታናሽ ወንድም ቡምባ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እንደዚያ አድርጎ ሄደ። ማዕበል ይሁን ብረት ምን እንዳገኛቸው የሚያውቅ የለም። በአራተኛው ቀን ባሕሩ ጥቂት ሳንቃዎች አሸዋው ላይ ተፋ። ሰው አልመለሰም።

ከዚያ ወዲህ እናቷ ትርፍ ቃል አትናገርም። ስታለቅስም ያያት የለም። ጨው ስትፈልግ «ጨው» ትላለች፤ በቃ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን አባቷ፣ «ወደ እሳቱ ልንወጣ ነው። ፉቲም አሥራ ሰባት ሞልቶታል» ሲል፣ «አይሆንም» አለችው። «ተነጋግረን ጨርሰናል» አላት። የተነጋገሩት ያንኑ ብቻ ነበር።

ላንዱ ድስቱን ደረቷ አጠገብ ይዛ በካሳቫው ማሳ ጥግ አለፈች። የትምህርት ቤቱን ነጭ ጋዋን ገና አላወለቀችም። ነፋስ የለም። በሌላ ቀን በዚህ ሰዓት የዘንባባው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማ ነበር፤ ዛሬ የራሷን ኮቴ ብቻ ነው የምትሰማው። እናቷ ክዳን እንደምትልክ ጠዋት ብታውቅ ኖሮ፣ መምህርት ኤውላሊያ ያሉትን ይበልጥ አጥብቃ ታዳምጥ ነበር።

የጠዋቱ ትምህርት አባባል በድርሰት ውስጥ ስላለው ቦታ ነበር። መምህርቷ ያረሙትን ደብተር ይዘው ሲገቡ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ዛው እጁን ሳያወጣ ነበር የጀመረው።

«ቲቸር፣ ያለ አባባል ድርሰት ያምራል እንዴ? የኔ አያት እኮ ውሃ አቀብሉኝ ለማለት እንኳ ሦስት አባባል ነው የሚያስቀድመው። ውሃው እስኪመጣ ጥሙ ራሱ ይተወዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህርቷም ሳቁ።

«አያትህ ግን ለማን እንደሚናገር ያውቃል» አሉት። «እናንተ ግን ታሪኩን ትጨርሱና አባባሉን መጨረሻው ላይ እንደ መጋረጃ ትሰቅሉታላችሁ።» የላንዱን ደብተር ከፍ አድርገው ያዙ። «ላንዱ፣ ታሪክሽ ጥሩ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን መስመር ግን ማን ነው የተናገራት?»

«ማንም አይደለም ቲቸር። አባባል ነው።»

«ማንም ካልተናገራት እኔ ከማን አፍ ልስማት?»

መስመሯ በቀይ ተሰርዛለች፤ ከጎኗ «ማን? ለማን? መቼ?» የሚል ተጽፏል።

«አንድን አባባል ሠርግ ላይ ብትናገሩት ቀልድ ነው» አሉ መምህርቷ። «ያንኑ ቃል ሳትቀይሩ ለቅሶ ቤት ብትናገሩት፣ የተናገራችሁት ሌላ ነገር ነው። ድርሰት ውስጥም እንደዚያው። የሚናገረው ሰው፣ የሚሰማው ሰው፣ የተነገረበት ቀን ከሌለ ጌጥ ነው እንጂ ሥራ አይሠራም።»

«እሺ፣ ታዲያ ላብራራው?»

«በጭራሽ። ቀልድ ሲያብራሩልሽ ትስቂያለሽ?»

«አልስቅም።»

«አየሽ።»

ላንዱ ይህን እያሰበች የጀልባዎቹ ማቆሚያ ደረሰች።

«ኧረ እመቤቴ! ምሳ መጣ!»

ፉቲ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ውሃው ዳር ቆሟል። በአንድ እጁ ብሩሽ ይዟል። ሁለቱም እጆቹ እስከ ክርናቸው ጥቁር ናቸው። ከኋላው የአባታቸው ጀልባ ቆማለች። ትናንት ቢጫ ነበረች፤ አሁን ጥቁር ሆናለች።

ላንዱ ቆመች። «ምን አደረጋችኋት?»

«አያምርም? የጋስፓር ሐሳብ ነው። የእሳቱ ጥበቃዎች ባውዛ ቢዞር እንኳ ውሃ ነው የምትመስለው። ማንም አያየንም።»

«ብትገለበጡስ? እኛ በምን እናያችሁ?»

የፉቲ ፊት ለአፍታ ተለወጠ። ከዚያ ብሩሹን አወናጨፈባት። «ዞር በይ፣ አታሟርቺ!»

የጀልባዋ ስም የእናታቸው ስም ነበር። አባታቸው ጀልባዋን የገዛ ዓመት «ኢዛውራ» ብሎ በገዛ እጁ በነጭ ጽፎባት ነበር። ፉቲ ስሙን ከፊት ጀምሮ ቀብቶት፣ የቀረችው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት።

«አንቺ፣ ያ ጨርቅ ምንድን ነው?» ፉቲ ጠጋ አለ። ቀልዱ ከድምፁ ውስጥ ጠፋ። «ክዳን ነው አይደል? ላከች! በእግዜር፣ ላከች!»

«ልካለች።»

«የትኛውን?»

«አላውቅም። ተጠቅልሏል።»

«እስቲ ልየው።»

«እጅህን እየው። ጨርቁን ብትነካው ታውቅብሃለች።»

ፉቲ ጥቁር እጆቹን አይቶ ወደኋላ አለ። ሸምበቆው አጠገብ ወዳለው ዳስ ገልመጥ አደረገ፤ ወንዶቹ እዚያ ሥር ተቀምጠዋል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ ላንዱ። አባዬ ዛሬ ከቀረ ጋስፓር ሌላ ሰው ይዞ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የሽማግሌ መረብ ስጠግን ልኖር ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምንወጣው፣ ሁለት ጊዜ! አንቺ ዝም በይልኝ። ካልተናገርሽ እንደፈለጉ ያነቡታል፤ ያልፋል።»

«እኔ መናገር አይፈቀድልኝም እኮ።»

«ታዲያ ቃል ግቢልኝ።»

«ፉቲ...»

«ወንድምሽ አይደለሁም? ቃል!»

«እሺ። አልናገርም።»

ፉቲ ፈገግ ብሎ ወደ ጀልባዋ ተመለሰ። ላንዱ ወደ ዳሱ አመራች። በአንድ ቀን ያንኑ ቃል ለሁለት ሰው ሰጠች። ለእናቷም «አልናገርም» አለች፤ ለወንድሟም «አልናገርም» አለች። አንዷ ልጇ እንዲቀር ነው ዝም በይ ያለቻት፤ ሌላው እንዲሄድ። መምህርቷ ቢሰሙ በቀይ ይጽፉበት ነበር።

ዳሱ ሥር አምስት ወንዶች ተቀምጠዋል። አባቷ ማኮሶ ምሰሶውን ተደግፏል። ጋስፓር ከሞተሩ ላይ ዘይት ይጠርጋል። ሁለቱ መረብ የሚጎትቱት ወንድማማቾች ጎን ለጎን ናቸው። በመሐላቸው ባለው ዝቅተኛ ወንበር ላይ ሽማግሌው ታታ ሉበንዶ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከነጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከዚህ ጠረፍ የሚወጣ ጀልባ ሁሉ ግን ሳይነግራቸው አይወጣም።

«እሰይ! የማኮሶ ልጅ መጣች!» አለ ጋስፓር። «ሆዴ እኮ ከሞተሩ በላይ እየጮኸ ነው። ቶሎ በይ እስቲ፣ ሙሽራ ይመስል ምን ጠቀለልሽው?»

አባቷ ቋጠሮውን ሲያይ ከምሰሶው ተነቅሎ ቀጥ አለ። ላንዱ ድስቱን መሐል ላይ አስቀምጣ ወደኋላ ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች።

«ምንድን ነው?» አሉ ታታ ሉበንዶ።

«ምግቡ በጨርቅ ታስሮ ነው የመጣው ታታ» አለ አባቷ። «የፉቲ እናት ናት የላከችው።»

«እንግዲህ ወደኔ አቅርቡት።»

ሽማግሌው ቋጠሮውን ፈቱት። ጨርቁ ወደ ጎን ወደቀ። ላንዱ አንገቷን አስግጋ አየች። አዲስ ነው። የቅርጹ ጠርዞች ገና ስል ናቸው። ታታ ሉበንዶ ጣቶቻቸውን ክዳኑ ላይ አስኬዱ፤ ቀስ ብለው፣ በር እንደሚፈልግ ሰው።

«ጀልባ ናት» አሉ። «አንዲት ጀልባ። እዚህ መቅዘፊያ አለ... እዚህም ሌላ። ሰው የለባትም።» ጣታቸውን መለሱት። «ዓሣም የለባትም።»

«እ!» ጋስፓር ጭኑን መታ። «ባዶዋ ጀልባ! ይቺን ማን የማያውቃት አለ? እናቴ ቤት አለች፣ አማቴ ቤት አለች፣ ሚስቴማ ሁለት ጊዜ ልካብኛለች!» ባል ባዶ እጁን ሲመለስ ሚስቶች የሚሉትን የቆየውን አባባል እንደ ዘፈን አድርጎ አለው። ወንድማማቾቹ ከእሱ ጋር ጨረሱት። «ማኮሶ፣ ሚስትህ እኮ ዓሣ አምጣ እያለችህ ነው! እኛ እሷን ፈርተን እንውጣ አንውጣ እንላለን፣ እሷ ለካ ከኛ በላይ ቸኩላለች!»

ሳቁ ዳሱን ሞላው። አባቷ መጀመሪያ አልሳቀም። ከዚያ ከባድ ነገር ከጀርባው እንዳወረዱለት ሰው ትንፋሹን ለቀቀና ሳቀ። ላንዱ የአባቷን ሳቅ ትወድ ነበር። አሁን ግን ዓይኗን ከእሱ ላይ አንሥታ ክዳኑን አየች።

«ቆዩ» አሉ ታታ ሉበንዶ። «ማኮሶ፣ ሚስትህ ዓሣ ጎደለኝ ብላህ ታውቃለች?»

«ከቡምባ ወዲህ ምን እንደጎደላት በምን ልወቅ ታታ? አትናገርም።»

«ልጅቷን እንጠይቃት» አለ ከወንድማማቾቹ ታላቁ።

«ክዳን ያመጣች ልጅ አትጠየቅም» አሉ ሽማግሌው።

አባቷ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ምን ያጠያይቃል? የተቀረጸው ግልጽ ነው። መልሴም ይኸው፤ ዓሣ ይመጣላታል። ፉቲ ራሱ ተሸክሞ ይወስድላታል።»

«ይኸው ነው!» አለ ጋስፓር።

ጋስፓር በሁሉም ቤት አለች ያላት ክዳን በእናቷ ቤት የለችም። ላንዱ ይህን ታውቃለች። ሰባቱን ከልጅነቷ ጀምሮ አቧራቸውን ስትጠርግ ነው ያደገችው። እናቷ ይቺን ያስቀረጸችው ለዛሬ ነው። ማን? ስምንት ወር ሙሉ «ጨው» ከማለት ሌላ ያልተናገረች ሴት። ለማን? ወደ እሳቱ ለሚሄድ ባሏ። መቼ? ጀልባዋን ጥቁር በቀቡባት ቀን። ጀልባዋ ባዶ የሆነችው ዓሣ ስላጣች አይደለም። ጋስፓር እያንዳንዱን ቅርጽ በትክክል አንብቦ፣ ከላከችው ሴት በስተቀር ሁሉንም አግኝቷል።

አፏን ብትከፍት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ብትናገር ግን አባቷ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ «ይህ ያንቺ ነው ወይስ የእናትሽ?» ይላታል። ክዳኑም የልጅ ወሬ ይሆናል።

«እንኪ፣ ክዳንሽን ውሰጂ» አለ ጋስፓር። ክዳኑን ከድስቱ ላይ አንሥቶ ሳያያት ዘረጋላት። በሌላው እጁ የካሳቫ ዳቦ ከቅጠሉ ያላቅቃል።

ላንዱ ተቀበለችው። ከታች በእንፋሎት ረጥቧል፤ ጠብታዎቹ በእጅ አንጓዋ ላይ ወረዱ። ግድግዳ ላይ ካሉት ክዳኖች ይልቅ ቀላል ነው። አውራ ጣቷ ከሥር የሆነ ሻካራ፣ የሚላላጥ ነገር ነካ። ወደ ራሷ አዘንብላ አየችው።

ሰማያዊ ቀለም ነው። ጨው የበላው፣ እዚህም እዚያም የተቀረፈ ሰማያዊ። ጠርዙ ላይ ዙሪያው የዛገ የምስማር ቀዳዳ አለ።

በጠረፉ ላይ ጀልባውን ሰማያዊ የቀባ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰዎች «ሰማይ ወደቀ እንዴ?» እያሉ ሲያሾፉበት፣ «ከርቀት እንድታውቁኝ ነው» ይላቸው ነበር።

ላንዱ ክዳኑን ይዛ ወደ ድስቱ ሄደች። ጋስፓር እጁን ወደ ወጡ ዘርግቶ ነበር፤ መለሰው። ክዳኑን ድስቱ ላይ መልሳ ገጠመችው፤ ጀልባዋ ወደ ታች፣ ሰማያዊው ወደ ላይ ሆኖ። አንድም ቃል አልተናገረችም።

ወሬው ቆመ።

ከሩቅ ፉቲ ሲያፏጭ ይሰማል። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቷል። ከወዲያ ማዶ እሳቱ በቀን ብርሃን እንደ ቆሻሻ ጣት ሰማዩ ላይ ይታያል።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ ታታ ሉበንዶ። «ምነው ዝም አላችሁ? ጋስፓር፣ አንተ አፍ አታጣም፤ ምን ይታይሃል?»

«ምንም ታታ። እንጨት ነው።»

«ማኮሶ?»

አባቷ ቁልቁል ክዳኑን ያያል።

«ሰማያዊ ነው ታታ» አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን ሰደዱ። ጣታቸው የሚላላጠውን ቀለም፣ ከዚያም የምስማሩን ቀዳዳ አገኘ። እዚያ ላይ ቆየ።

«የቡምባ ነው?»

«የቡምባ ነው።»

«ታዲያ ዓሣ አምጣ አለችው ያለው ማን ነው?»

ጋስፓር ዳቦውን ቅጠሉ ላይ አስቀመጠ። «ያገኘችውን እንጨት አስቀርጻ ይሆናላ» አለ፤ ለማንም ሳይሆን። ከወንድማማቾቹ ታናሹ፣ ከቡምባ ጋር ከሄዱት የአንዱ አማች ነው፤ ተነሥቶ ከዳሱ ወጣና ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

አባቷ ድንገት ወደ ላንዱ ዞረ። «ማን ገልብጪው አለሽ?»

ላንዱ ዓይኗን ከክዳኑ ላይ አላነሣችም።

«እየጠየቅሁሽ ነው!»

«አትጠየቅም ብያለሁ» አሉ ታታ ሉበንዶ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«አባዬ!» ፉቲ እየሮጠ መጣ። የነዳጁን ጀሪካን ትከሻው ላይ አድርጓል። «ውሃው ሞልቷል፣ ጀልባዋ ተንሳፍፋለች! ግማሽ ሰዓት ነው ያለን፤ ከዚያ የወንዙ አፍ አያሳልፈንም። ምንድን ነው የም...»

ክዳኑን አየና ቆመ። ያን ሰማያዊ ከቡምባ ጋር ሆኖ የቀባው እሱ ራሱ ነበር፤ ያኔ ብሩሹን ማጠብ ረስቶ ከአጎቱ ኩርኩም የቀመሰው እሱ ነው። ጀሪካኑን ከትከሻው አወረደ። እህቱን አያት። ዓይኑ «ቃልሽስ?» የሚል ይመስላል። ላንዱም አየችው። አልተናገረችም።

አባቷ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። ሲናገር ቁጣው አልነበረም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

«ላንዱ፣ ክዳኑን ይዘሽ ወደ ቤት ሂጂ። መልሱን እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ስመለስ።»

የመጨረሻዋን ቃል ሁሉም ሰሟት። ጋስፓር እንኳ ቀና አላለም።

ክዳን ያመጣች ልጅ ክዳኑን ይዛ ከሄደች ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ወንዶቹ ይበላሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ይነሣሉ። ክዳኑ ድስቱ ላይ እያለ ግን የሚበላም የለም፣ መልስ የሚጠበቅበት ሰው ጥሎ የሚሄድም የለም። አንሥቶ መውሰድ የሚችለው ያመጣው እጅ ብቻ ነው። ላንዱ እስከ ዛሬ ይህን ደንብ እንደ ሥራ ነበር የምታየው፤ የሚያቀብል ሰው ሥራ።

እጆቿን አየቻቸው። የጣቶቿ ጫፎች ላይ የሰማያዊ ቀለም ፍርፋሪ ተጣብቋል።

አባቷን እምቢ ብላው አታውቅም። ቢመታትስ? መትቷት አያውቅም፤ ግን ዛሬ ጥቁር የተቀባ ጀልባም አይታ አታውቅም ነበር። ፉቲስ? ፉቲ ከዛሬ በኋላ ላያናግራት ይችላል። ጋስፓር ሌላ ጀልባ ፈልጎ ሲሄድ፣ ዓሣ ጭኖ ሲመለስ፣ መንደሩ «በአንቺ ምክንያት» ቢላትስ? ጭኖ ሳይመለስ ቢቀርስ?

ጎንበስ አለች። አባቷ ክዳኑን ልታነሣ መስሎት መንገድ ለቀቀላት።

ላንዱ ያነሣችው ነጩን ጨርቅ ነው። አሸዋውን አራገፈችለት። አራት ቦታ አጠፈችው። ከድስቱ አጠገብ አነጠፈችውና ጋዋኗን ከጉልበቷ በታች ሰብስባ ተቀመጠችበት። ሴት ልጅ እዚያ ዳስ ሥር ስትቀመጥ ያየ ሰው አልነበረም።

«ላንዱ» አለ አባቷ።

አልተነሣችም።

«ልጄ።»

እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ፉቲ አንድ እርምጃ ወደ እሷ መጣና ቆመ። ታታ ሉበንዶ ወንበራቸውን በትንሹ ወደ ጎን አንሸራተቱ፤ ቦታ እንደሚለቅ ሰው።

ከዳሱ ወዲያ ውሃው እስከ ሸምበቆው ሥር ሞልቶ ቆሟል። ጥቁሯ ጀልባ ገመዷን ትጎትታለች። አንድ የደረቀ ቅጠል አጠገቧ ሳይንቀሳቀስ ተንሳፍፎ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ወደ ባሕሩ መሄድ ጀመረ፤ ሌላም ተከተለው። ላንዱ ውሃው ሲሸሽ ለማየት ተመቻችታ ተቀመጠች።